ስሙ ያልተጠራው ጠበቃ

አንኮዶ ላይ ማክሰኞ ዓሣ አይወጣም። ማክሰኞ የባሕሩ ዕረፍት ነው። ታንኳዎቹ ሁሉ አሸዋው ላይ ተጎትተው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ወንዶቹ በጥላቸው ተቀምጠው የተቀደደ መረብ ሲሰፉ፣ ሲተርቱና ሲፎጋገሩ ይውላሉ። ኮቢና ኤሹን የተወለደው እንዲህ ባለው ቀን ነው፤ ስሙም የማክሰኞ ልጅ ማለት ነው። እናቱ ገና ስታየው፣ "ይኼ ልጅ ባሕሩ ባረፈበት ቀን መጣ፤ ከባሕር አይበላም" አለች ይባላል። እውነትም አልበላም።

አባቱ ታንኳ ጠራቢ ነበር። ከደን ተጎትቶ የሚመጣውን ወፍራም ግንድ ሆዱን እየፈለፈለ፣ በእሳት እየለበለበ ታንኳ ያደርገዋል። ልጁ ግን መጥረቢያ ሳይጨብጥ አደገ። በአንኮዶ የልጅን ነገር የሚቆርጠው አባት ሳይሆን የእናት ወንድም ነው፤ የኮቢና አጎት ደግሞ በኮኮዋ ንግድ የደረጀ፣ "ከዘራችን አንድ ሰው ከነጮቹ ጋር በገዛ ቋንቋቸው የሚሟገት ይውጣ" ብሎ የተነሣ ሰው ነበር። ልጁን ሚስዮን ትምህርት ቤት አስገባው፤ ሲጎለምስም ሕግ እንዲማር ለንደን ሰደደው።

በሚስዮኑ ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ አብሮት የተቀመጠው ኤኮው ታንዶ የሚባል የጎረቤት ልጅ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰሌዳ ይጽፉ ነበር፤ ኤኮው በቀኝ፣ ኮቢና በግራ። አስተማሪው አንዱን ሲገርፍ ሌላው ያለቅሳል። ኤኮው በትምህርት ይበልጠው ነበር፤ የሚሰድደው አጎት ግን አልነበረውም። ኮቢና በመርከብ ሲሄድ ኤኮው እዚያው ቀረና መምህር ሆነ፤ በኋላም አሮጌ የእጅ ማተሚያ ገዝቶ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ "የአንኮዶ መብራት" የምትባል አራት ገጽ ጋዜጣ ማውጣት ጀመረ።

ኮቢና እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1913 ተመለሰ። መርከቧ ከሩቅ ቆማ፣ ማዕበል ሰባሪዎቹ ቀዛፊዎች በጀልባ አመጡት፤ ጫማው እንዳይርስ አንዱ ጎረምሳ በጀርባው አዝሎ አሸዋው ላይ አወረደው። ኤኮው ከሕዝቡ ፊት ቆሞ ነበር።

"ይኼን ያህል ዓመት ሄደህ በሰው ጀርባ ነው የምትመለሰው?" አለው።

"መራመድ አላስተማሩኝም፤ መናገር ብቻ ነው" አለ ኮቢና።

ተቃቅፈው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አሥራ አራት ዓመት አልተለያዩም። ኮቢና ጥቁር ካባውን ለብሶ፣ ያንን የእንግሊዝ ጠበቆች የሚደፉትን የፈረስ ጭራ የመሰለ ነጭ ጸጉር ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ ለመረብ ጣይና ለዓሣ ሻጭ ሲከራከር ይውላል። ኤኮው ክርክሩን በጋዜጣው ይጽፋል። ማታ በጠበቃው ቤት ሰገነት ላይ ተቀምጠው ዳማ ይጫወታሉ። ሁለቱ ሆነው የአንኮዶን የመብት ማኅበር መሠረቱ።

በ1927 እንግሊዛዊው ገዥ አዲስ ሕግ አወጣ። ሕግ በሚያጸድቀው ምክር ቤት ውስጥ ከባሕር ዳር ከተሞች ጥቂት ሰዎች በምርጫ እንዲቀመጡ ተፈቀደ። ግን መራጮቹ ቤትና ንብረት ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የገዥው ሹማምንት ደግሞ በቁጥር ምንጊዜም ይበልጣሉ። ማኅበሩ ተሰብስቦ፣ "ይኼ ማታለያ ነው፤ ከእኛ ማንም አይገባም" ብሎ ቆረጠ። ኮቢናም እጁን አወጣ።

ወር ሳይሞላ ለአንድ ጉዳይ ገዥው ወደሚቀመጥበት ዋና ከተማ ወደ አክራ ሄደ። እዚያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራ ወዳጁ አንድ ያልታተመ ረቂቅ ሕግ አሳየው። መንግሥት ለጉምሩክ ግቢ የሚሆን የባሕር ዳር መሬት፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ መውሰድ እንዲችል የሚያደርግ ነው። ከተዘረዘሩት ስፍራዎች መካከል የአንኮዶ አሸዋ ነበረበት። ኮቢና በመኪና ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ለማንም አልተናገረም። በማግስቱ በቀትር ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደ።

ኤኮው የእርሳስ ፊደላቱን እየደረደረ ነበር። ቀና ብሎ አየው።

"ምነው በዚህ ፀሐይ? ፊትህ የቀብር ፊት ሆኗል።"

"ለምክር ቤቱ ልወዳደር ነው" አለ ኮቢና።

"ቀልድህን ነው።"

"አይደለም።" የረቂቁን ነገር ነገረው።

ኤኮው እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ቀለሙ ግን አልለቀቀም። "ታዲያ ገብተህ ምን ልታደርግ? አንተ እጅህን ታወጣለህ፣ እነሱ እጃቸውን ያወጣሉ። ይበዙሃል። ትሸነፋለህ።"

"ቢያንስ አንብቤው እሸነፋለሁ። ማንም ካልገባ ማን ያነበዋል?"

"እኔ አነበዋለሁ። ጋዜጣ ያለኝ ለምንድን ነው?"

"አንተ የምታነበው ከወጣ በኋላ ነዋ!"

"ስማኝ ኮቢና። ሰው ከደጅ ሆኖ ሲጣላና ከቤት ገብቶ ሲጣላ አንድ አይደለም። ከገባህ ወንበር ይሰጡሃል፣ ሻይ ያቀርቡልሃል፣ 'የተከበሩ' ይሉሃል። ከዚያ ወዲያ ጠባችን የእነሱ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሆኖ ይቀራል።"

"በሻይ የምገዛ አድርገህ ነው የምታየኝ?"

"አትገዛም። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ልትጠይቀኝ አልመጣህም፤ ቆርጠህ ልትነግረኝ ነው የመጣኸው።" ፊቱን ወደ ፊደላቱ መለሰ። "በል ሂድ። ሥራ አለብኝ።"

ኮቢና በሠላሳ አንድ ድምፅ ተመረጠ። የመረጡት ነጋዴዎችና የቤት ባለቤቶች ነበሩ፤ ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱም ድምፅ እንዲሰጥ አይፈቀድለትም ነበር፤ ቢፈቀድለትም አይሰጠውም።

ነገሩ የለየለት በነሐሴ በዓል ነው። በአንኮዶ ወንድ ሁሉ በአባቱ በኩል የአንድ አሳፎ አባል ነው፤ አሳፎ ማለት ድሮ ለጦርነት፣ አሁን ለበዓልና ለከተማው ጉዳይ የሚሰለፍ የወንዶች ጭፍራ ነው። የጭፍራው አለቃ ሱፒ ይባላል። በየዓመቱ ሱፒው ከባንዲራዎቹ ሥር ቆሞ የአባላቱን ስም በየቤቱ ይጠራል፤ የተጠራው "አለሁ" ሲል ከበሮ አንድ ጊዜ ይመታለታል። የሁለተኛው አሳፎ ሱፒ አንቶ የሚባል ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ኮቢና እንደ ወትሮው ጨርቁን በትከሻው አጣፍቶ፣ በባዶ እግሩ ከጓደኞቹ መካከል ቆመ።

ሱፒ አንቶ የኤሹንን ቤት ጀመረ። የሞተውን አባቱን ስም ጠራ፤ ከበሮው ለሙታን እንደሚመታው ቀስ ብሎ ተመታ። የአባቱን ወንድም ልጆች ጠራ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

ኮቢና "አለሁ" ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር። ከበሮው አልተመታም። ግራና ቀኝ የቆሙት ሰዎች ፊት ለፊት እያዩ ነበር እንጂ ማንም ወደ እሱ አልዞረም። ኤኮው ከሁለት ረድፍ ወዲያ ቆሟል፤ እሱም አልዞረም። ሱፒው ጠርቶ እስኪጨርስ ኮቢና ፀሐይ ላይ ቆመ፤ ጥሎ መሄድ ጥፋትን ማመን መሰለው። ሲያልቅ ብቻውን ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማው ፊት ነሳው። አልተሰደበም፣ አልተመታም፤ ዝም ተባለ። ሰላምታ ሲሰጥ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዓሣ ሊገዛ ሰው ቢልክ ሻጮቹ ዓሣ በሞላው ቅርጫት ፊት ተቀምጠው "አልቋል" ይላሉ። አንድ ቀን ራሱ ገበያ ወረደ።

"ለተከበሩት የሚሆን ዓሣ የለንም" አለችው አንዷ ሻጭ። "የእኛ ዓሣ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ሆድዎ ውስጥ ገብቶ እንዳያሳፍረን።"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበርና። ነገር ግን ፈገግታውን የተቀበለው የለም።

ሚስቱ ፊሊፓ የኬፕ ኮስት ከተማ ሰው ነበረች፤ ሰው የምትወድ፣ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ያደገች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የተቀመጠችበት አግዳሚ ባዶ መሆን ሲጀምር መጀመሪያ ኮራች፤ ቆይቶ ግን ደከማት። "እኔ ያገባሁህ ከነከተማህ ነበር" አለችው አንድ ቀን ምሳ ላይ። "አሁን ከግድግዳ ጋር ነው የምበላው።" ሁለቱን ሴቶች ልጆች ይዛ ለሁለት ሳምንት ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ሁለት ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። አልተፋቱም፣ አልተጣሉም። በየፋሲካው ይሄድላታል፤ ልጆቹ እንደ እንግዳ ተነሥተው ይቀበሉታል።

ደጁን መርገጥ ያልተወችው ታላቅ እህቱ ኤፉዋ ብቻ ናት። ኤፉዋ ዓሣ በጭስ እያደረቀች የምትሸጥ ነበረች፤ የጭቃ ምድጃዎቿ ታንኳዎቹ ከሚሰለፉበት አጠገብ ናቸው። ጭስ የጠጣ ልብሷን ለብሳ፣ ዶኮኖ የሚሉትን የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥና የተጠበሰ ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ ትመጣለች።

"ብላ፣ አንተ ጠበቃ። ለዚህኛው ዓሣ ቋንቋ አስተምሬዋለሁ" ትለዋለች።

አክራም ቢሆን ወዳጅ አላገኘም። ከባሕር ዳር ከተሞች የተመረጡት ሌሎቹ የየማኅበራቸውን ውሳኔ ጥሰው የገቡ፣ እንደ እሱው የተጠሉ፣ እርስ በርስም የማይተማመኑ ነበሩ። ሹማምንቱ ደግሞ በትሕትና ያናግሩትና ወደ ራት ግብዣቸው ሳይጠሩት ይሄዳሉ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። የተከራየበት ክፍል መስኮት ወደ አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይከፈታል፤ ማታ ማታ ረቂቆቹን በፋኖስ ያነባል፤ አንዲት ሰረዝ ሳትቀር።

የባሕር ዳሩ ረቂቅ በመጋቢት 1928 ቀረበ። ኮቢና ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቃወመ። ሲጨርስ ከሹማምንቱ አንዱ ሰዓቱን አየ። ድምፅ ቢሰጥ እንደሚሸነፍ ያውቃል። በዕረፍት ጊዜ ረቂቁን የጻፈውን ሹም፣ የመንግሥቱን ዐቃቤ ሕግ፣ ኮሪደር ላይ ተከትሎ ያዘው።

"ሕጉን አላስቆምም። አንድ መስመር ብቻ አስገባልኝ" አለው፤ የጻፈውንም ሰጠው።

ዐቃቤ ሕጉ አነበበው። "ይህ ሕግ በወጣበት ቀን ታንኳዎች በልማድ የሚወጡበትን ስፍራ ሕጉ አይመለከተውም" ይላል። "ገዥው ክርክር ሰልችቷቸዋል" አለ ዐቃቤ ሕጉ በዝግታ። "መስመሩ ግን ከተቃውሞ ጋር ሳይሆን ከምስጋና ጋር ቢመጣ፣ ማንም ብዙ ላያተኩርበት ይችላል።"

ኮቢና ተረዳው። ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ገዥውን ለባሕር ዳሩ ሕዝብ ስላሳዩት አሳቢነት አመሰገነ። እያንዳንዱ ቃል ከጉሮሮው ሲወጣ አጥንት ነበረው። ከዚያ መስመሩን አቀረበ፤ መስመሩ ገባ፤ ሕጉ ማክሰኞ መጋቢት 13 ቀን ጸደቀ።

የአንኮዶ መብራት በዚያው ሳምንት "የአንኮዶው ሰው ገዥውን አመሰገነ" ብላ ወጣች። ንግግሩ ቃል በቃል ታትሟል። ስለ መስመሯ አንድም ነገር የለም።

ኮቢና ነገሩን የሚያስረዳ ረጅም ደብዳቤ ለኤኮው ጻፈ። አጠፈው፣ አሸገው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። "ሕጉ ታትሟል፤ ያንብበው" አለ በልቡ። ኤኮው ሕጉን ያነበበው በቁጣ ነበር፤ በቁጣ የሚያነብ ሰው ደግሞ የሚያናድደውን ብቻ ነው የሚያየው። በሚቀጥለው ምርጫ ኮቢናን የደገፈው አልነበረም። ካባውን ብል እንዳይበላው በካምፎር አሽጎ፣ ለኑዛዜና ለውርስ ወረቀት ብቻ የሚቀመጥ የቤት ጠበቃ ሆነ።

ሕጉ ከወጣ በስድስተኛው ዓመት ለጉምሩክ ግቢው መሬት የሚለኩ ቀያሾች መጡ። ከኤፉዋ ምድጃዎች ጀምረው በዳርቻው ጫፍ እስካለው ድንጋይ ድረስ አሸዋው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። በማግስቱ ጧት ችካሎቹ ተነቃቅለው ባሕሩ ላይ ይንሳፈፉ ነበር። ኤኮው በጋዜጣው "የነቀሉት እጆች ይባረኩ" ብሎ ጻፈ። ሱፒ አንቶ፣ ዘጠኝ ዓሣ አጥማጆችና ኤኮው ራሱ የመንግሥት ንብረት በማጥፋትና በማነሣሣት ተከሰው ታሰሩ።

ኮቢና የዚያኑ ቀን ወደ እስር ቤቱ ሄደ። ኤኮውን ከፍርግርጉ ወዲያ አመጡለት። ከሰባት ዓመት ወዲህ ሲያናግረው የመጀመሪያው ነው። ጢሙ ሸብቷል፤ ጣቶቹ ግን አሁንም በማተሚያ ቀለም እንደተነከሩ ናቸው።

"ልቁምላችሁ። ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ትፈታላችሁ" አለው።

"በየትኛው አፍህ? ባመሰገንክበት?"

"ኤኮው፣ ሕጉ ውስጥ..."

"ሰዎቹን ጠይቄያቸዋለሁ። ሱፒው 'ኤሹን ከሚያስፈታኝ ልታሰር' ብሏል። እኔም ያው ነኝ። ከሴኮንዲ የሚመጣ ልጅ ጠበቃ ይዘናል። ሂድ ወንድሜ፣ ፀሐይ ሳይመታህ።"

"ወንድሜ" ያለው እንደ ስድብ ይሁን ከልማድ፣ ኮቢና ዕድሜውን ሙሉ ሊለየው አልቻለም።

ከሴኮንዲ የመጣው ጠበቃ ክዌሲ አርኮ ይባላል፤ ከለንደን ከተመለሰ ዓመት ያልሞላው፣ ካባው ገና የሚያብረቀርቅ ወጣት። ኮቢና አስጠራው። ወጣቱ ከሰገነቱ ደረጃ ላይ ቆመ፤ ገብቶ ለመቀመጥ አመነታ።

"ጌታዬ፣ ደንበኞቼ ከእርስዎ ምንም ነገር እንዳልቀበል አዘውኛል" አለ አፍሮ።

"ከእኔ አትቀበል። ይኼ የታተመ ሕግ ነው፤ የእኔ አይደለም። አሥራ አንደኛውን አንቀጽ፣ የመጨረሻዋን መስመር አንብብ።"

አርኮ አነበበ። እንደገና አነበበ። ቀስ ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ይህን ማን አስገባው?"

"እሱ ክሱን አይመለከትም።"

"ቆይ ግን... ሕጉ በወጣበት ቀን ታንኳዎቹ እዚያ እንደነበሩ ማስረዳት አለብኝ። ስድስት ዓመት አልፎታል። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ተከሳሽ ወይም የተከሳሽ ዘመድ ነው። ማን ያምነኛል?"

"ሕጉ የወጣው በስንት ቀን ነው?"

"መጋቢት 13።"

"ምን ቀን ይውል ነበር?"

ወጣቱ በጣቶቹ ቆጠረ። "ማክሰኞ" አለ፤ ከዚያም ሳቅ ፊቱን ሞላው።

"እህቴ ኤፉዋ ያን ቀን የልጅ ልጅ አግኝታለች" አለ ኮቢና። "የት እንደተወለደች ጠይቃት። ስሜን ግን አታንሣ፤ ለደንበኞችህም ቢሆን። ቃልህን ስጠኝ።"

አርኮ ቃሉን ሰጠ።

ፍርድ ቤቱ ሞልቶ እስከ ደጅ ፈሰሰ። ኮቢና ያለ ካባ፣ ተራ ልብስ ለብሶ ከኋላ ባለው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠ። አጠገቡ አንድ ሰው የሚበቃ ባዶ ቦታ ነበር፤ ሰዎች ቆመው እየተጋፉም ቦታው ባዶ ዋለ።

ኤፉዋ ምስክር ሆና ቀረበች። አስተርጓሚው የዳኛውን ጥያቄ ሁሉ እያስረዘመ ሲነግራት፣ "ገባኝ፣ ገባኝ" እያለች ታጣድፈዋለች።

የመንግሥት ከሳሽ ተነሣ። "ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የተወሰነ ቀን ታንኳ የት እንደነበረ እንዴት ልታስታውሺ ቻልሽ?"

"ልጄ የወለደችው በሁለቱ ታንኳዎች መካከል ስለሆነ ነው።"

"ምን?"

"ምድጃው ላይ እያገዘችኝ ሳለ ምጥ ያዛት። ቤት ሳንደርስ ከታንኳዎቹ ጥላ አሳረፍኳት። የአንዱን ታንኳ ጠርዝ በቀኝ፣ የሌላውን በግራ እንደያዘች ወለደች። ማክሰኞ ስለነበር ታንኳዎቹ ሁሉ ወጥተው ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ላይ ትወልድ ነበር። ሕፃኗ አራባ ናት፣ የማክሰኞ ልጅ። ካላመንክ የሚስዮኑ መዝገብ ላይ ቀኑ ተጽፏል። እንጃ እንግዲህ፣ እናንተ ከሰው ይልቅ መዝገብ ታምናላችሁ ይባላል።"

ሰዉ ሳቀ። ዳኛውም ሳቁን በመሐረብ ሸፈነ። የሚስዮኑ መዝገብ መጣ፤ ቀኑ ተጽፎበታል። አርኮ አሥራ አንደኛውን አንቀጽ አነበበ። ዳኛው መጽሐፉን ተቀብሎ ራሱ አነበበው፤ የመንግሥት ከሳሹን አየው፤ ከሳሹ ወረቀቱን አገላበጠ። ችካሎቹ ሕጉ በማይመለከተው መሬት ላይ ያለ ሥልጣን የተተከሉ ስለሆነ፣ ያነሣቸው ሰው ጥፋተኛ አይባልም፣ አንሡ ያለውም እንዲሁ ብሎ ዳኛው ፈረደ፤ ሁሉም ተፈቱ።

አርኮን በትከሻቸው ተሸክመው አወጡት። ከበሮ ተመታ። ኤኮው ከተከሳሾቹ መቆሚያ ወጥቶ በመተላለፊያው ሲመጣ ከኋላ አግዳሚው ጋር ደረሰ። ኮቢና ተነሥቶ ቆመ። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ኤኮው አንድ ጊዜ ለሰላምታ አንገቱን ሰበር አድርጎ አለፈ። ለማንም ለሚያውቀው ሰው የሚያደርገው ዓይነት ነበር።

በሚቀጥለው የአንኮዶ መብራት ሁለት ዓምድ ሙሉ የምስጋና ዝርዝር ወጣ፤ አርኮ፣ ኤፉዋ፣ መዝገቡን ያመጣው ቄስ፣ ስንቅ ያቀበሉ ሴቶች ሳይቀሩ። ኤፉዋ ጋዜጣውን ሰው አስነብባ ሰማችና በቀጥታ ወደ ወንድሟ መጣች።

"እነግራቸዋለሁ" አለችው።

"አትነግሪያቸውም።"

"ለምን? ያቺን መስመር ስታስገባ ስምህን ነው የሸጥክባት። ይወቁት።"

"ራሳቸው ይድረሱበት። እኔ ደጅ ለደጅ ዞሬ 'ጥሩ ሰው ነኝ' አልልም።"

ኤፉዋ ወገቧን ይዛ አየችው። "አየህ፣ ሰው ሁሉ ዝምታህን ጥፋት አድርጎ ነው ያየው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር። ለካ ኩራት ነው። መጥተው እንዲለምኑህ ነው የምትጠብቀው። ትጠብቃለህ እንግዲህ፤ ሰገነትህ ሰፊ ነው።"

ለሦስት ሳምንት አልመጣችም። ኮቢና ያን ጊዜ ያንን ቤት በደንብ አወቀው፤ የትኛው ጣውላ በየትኛው ሰዓት እንደሚንቋቋ፣ ከፊሊፓ ክፍል የመስኮት መዝጊያ የትኛው ጎን እንደላላ። እህቱ እውነቷን እንደሆነ ያወቀውም ያን ጊዜ ነው። ግን ማወቅና ከሰገነት መውረድ አንድ አይደለም፤ አልወረደም።

አራት ዓመት አለፈ። አርኮ ሩቅ አገር ዳኛ ሆኖ ተሾመና ሊሰናበት ወደ አንኮዶ መጣ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ከኤኮው ጋር ሲጨዋወት፣ "ቃል ሰጥቼ ነበር፤ ግን ይዤው ልሄድ አልችልም" ብሎ መስመሯን ያሳየው ኮቢና መሆኑን ነገረው።

ኤኮው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ኮቢና ቤት ወጣ። ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ አሳለ፤ የማተሚያ ቤት አቧራ ሳንባው ላይ ከተቀመጠ ቆይቷል። ኮቢና ወንበር ሰጠው።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለ ኤኮው።

"ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር።"

"አልደረሰኝም።"

"አልላክሁትም።"

ኤኮው በረጅሙ ተነፈሰ። "እኔም ያን አንቀጽ አንብቤዋለሁ ኮቢና። መስመሯን አይቻታለሁ። 'ይቺን ማን አስገባት' ብዬ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ከዚያ መልሱ አንተ ብትሆንስ ብዬ ፈራሁ። አሥር ዓመት ሙሉ የተሳሳትኩ ከምሆን አንተ የከዳህ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።"

"ዳማው አሁንም አለ" አለ ኮቢና።

"ልጻፈው? በጋዜጣው ላይ?"

"ተወው።"

"እሺ" አለ ኤኮው። አልጻፈውም። ኮቢና በልቡ እንዲያስገድደው ፈልጎ ነበር።

ኤኮው በየማክሰኞው መምጣት ጀመረ። እንደ ድሮው አልሆኑም። ድሮ የሚፎካከሩበት ጨዋታ አሁን ዝምታን የሚያሳልፉበት ሆነ፤ አንዱ ሲሸነፍ ሌላው አይስቅበትም። ሊነጋገሩበት የሚገባው ነገር ብዙ ነበር፤ እየቆየ ይመጣ ይሆናል ብለው ሁለቱም ተዉት። በሰባተኛው ማክሰኞ ኤኮው አልመጣም። ኮቢና ሰሌዳውን ዘርግቶ እስኪመሽ ጠበቀ። በማግስቱ ኤፉዋ መጥታ፣ ሌሊቱን እንዳረፈ ነገረችው።

በቀብሩ ላይ የኤኮው የእህት ልጅ ኮቢናን እንዲናገር ጠየቀው። ኮቢና በሕይወቱ ሕዝብ ፊት የተናገረው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ የዳኛ ቋንቋ፣ የምክር ቤት ቋንቋ። አሁን በእናቱ ቋንቋ ሊጀምር ቆመና ቃላቱ እንደ ልጅ ጫማ ጠበቡት። "ኤኮው በትምህርት ይበልጠኝ ነበር" አለ። "መሄድ የነበረበት እሱ ነው።" ሌላ ሊጨምር ሞከረ፤ አልወጣለትም፤ ተቀመጠ። አንዲት አሮጊት ዓሣ ሻጭ ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

በቀጣዩ ዝናብ ኤፉዋ ሁለት ጎረምሶች ይዛ መጣች። ወንበሩንና አልጋውን አስወጣቻቸው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ደረጃህ ጉልበቴን ገደለው። ከእንግዲህ ምግብ አልሸከምም፤ የሚበላው ሰው ወደ ምግቡ ይምጣ። ያንን የፈረስ ጭራህን ከፈለግህ ያዝ፤ ካልፈለግህ እዚሁ ተወው።"

ወረደ። ከምድጃዎቿ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ጭስ ዓይኑን እያስለቀሰው ዘጠኝ ዓመት ኖረ። መጻሕፍቱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ሸተቱ። ባሎቻቸው ባሕር የቀሩባቸው ሴቶችና ከዘመድ ጋር የተካሰሱ ሽማግሌዎች አቤቱታ ሊያስጽፉ ይመጣሉ፤ ደጅ ቆመው ግን የሚጠሩት እሱን አይደለም። "ኤፉዋ፣ ያ የሚጽፈው ወንድምሽ አለ?" ይላሉ።

"ተኝቷል፤ ቀስቅሱት" ትላቸዋለች ዓሣውን እያገላበጠች።